ስድስት ሲስተም፣ አንድ ፋብሪካ፦ ከኮምቦልቻ የተከፈተ ክር

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ በተከታታይ ምላሾች የሄደውን ውይይት፣ የከፈተው ኮምቦልቻ ያለ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የአይቲ ባለሙያ ነው። ፋብሪካው እርስ በርስ የማይነጋገሩ ስድስት ሲስተሞች አሉት፤ በር ላይ የመኪና ሚዛን፣ ንብረት ክፍል የስቶር ሲስተም፣ ፒችትሪ በተባለ የሒሳብ ፕሮግራም ላይ የሚያዝ ሒሳብ፣ የጣት አሻራ ማሽን፣ ለብቻው የተሠራ የደመወዝ ፕሮግራም፣ ደሴ ባለው መጋዘን ደግሞ የሽያጭ ሲስተም። አንዱ ያተመውን ወረቀት ሌላው ክፍል እንደገና ይተይበዋል። በቀን ወደ 300 ሰነድ ይንቀሳቀሳል፤ በሦስት ፈረቃ ወደ 1200 ሠራተኛ ይገባል ይወጣል። አለቆች ሰርቪስ ባስ የሚባል፣ መሐል ሆኖ ሲስተሞችን የሚያገናኝ ሶፍትዌር ሰምተው ዋጋ አምጣ ብለውታል። ጥያቄው ባሱ ይገዛ ወይስ ለየጥንዱ ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) እየጻፉ ማገናኘት ይበቃል የሚል ነው። በእጁ የሣለውን ሥዕልም አባሪ አድርጓል። ቀስቶቹ ሁሉ ዞረው ዞረው ሒሳብ ክፍል ይገባሉ፤ ከዚያ የሚወጣ ቀስት ግን አንድም የለም። ይህን ልብ ያለ ሰው እስኪመጣ ክሩ ብዙ ተጉዟል።

1ኛው ምላሽ በአንቱታ ተጀምሮ በአንቱታ ያለቀ ጨዋ ጽሑፍ ነው። ስድስት ሲስተም ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢገናኝ 6 በ5 ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል 15 መስመር ይሆናል፤ ሰባተኛ ሲመጣ 21፣ ስምንተኛ ሲመጣ 28። መሐል ላይ ባስ ካለ ግን እያንዳንዱ አንድ መስመር ብቻ ይዘረጋል። ስለዚህ ይገዛ አለ።

2ኛው ማባዛቱን አልነቀፈም፤ የነቀፈው መነሻውን ነው። ሚዛን ከደመወዝ ጋር ምን ያነጋግረዋል? የጣት አሻራስ ከሽያጭ ጋር? ሥዕሉን ቆጥሮ የሚያስፈልጉትን ዘረዘረ፤ ከሚዛን ወደ ስቶር፣ ከስቶር ወደ ሒሳብ፣ ከሽያጭ ወደ ሒሳብ፣ ከአሻራ ወደ ደመወዝ፣ ከደመወዝ ወደ ሒሳብ፣ በስቶርና በሽያጭ መካከል ደግሞ ወዲህና ወዲያ። ሰባት መስመር ነው፤ ለ15 የተሰላ ዕቃ ለሰባት አይገዛም። ይህ እርማት ክሩን ከመነሻው ያዳነው ይመስለኛል።

3ኛው ላይ ቃናው ተለወጠ። ሰርቪስ ባስ ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ዛሬ ሁሉም ነገር ወደ ትንንሽ ሰርቪስ ይበተናል ብሎ በሁለት መስመር ዘጋው። 4ኛው አንቱታውን ትቶ መጣ። የሚበተነው የቱ ነው? ፒችትሪ? ተገዝቶ የመጣ፣ የውስጥ ኮዱ በእጅ የሌለ ፕሮግራም እንዴት ይበተናል? ሰርቪስ ተኮር አሠራር የመጠን ጉዳይ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሲስተም ምን ሊጠየቅ እንደሚችል፣ ጥያቄው በምን ቅርጽ እንደሚመጣ፣ ሲከሽፍ ምን ተብሎ እንደሚመለስ ተጽፎ መታወቁ ነው። ባስ ላይ የሚነሳው እውነተኛ ክስ ሌላ ነው አለ። መጀመሪያ መልእክት ብቻ ያሳልፋል፤ ቆይቶ የዋጋ ስሌት፣ የግብር ሕግ፣ ለአንድ ደንበኛ ብቻ የሚሠራ ልዩ ሁኔታ እዚያ ውስጥ ይጨመራል፤ በመጨረሻ ፋብሪካው እንዴት እንደሚሸጥ የሚያውቀው ባሱን የሚያዋቅረው ሰው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ መሐል የሚቀመጠው ነገር ቅርጽ ይቀይር፣ አቅጣጫ ይምራ፤ ሕግ ግን አይያዝ። 5ኛው በዚህ ተስማምቶ፣ ለማዘዋወሩ ትልቅ ሰርቨር ሳይተከል አፓቼ ካሜል የተባለውን የማገናኛ ሶፍትዌር እንደ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ እንደተቀመጠ ኮድ) በአንድ ትንሽ የጃቫ ፕሮግራም ውስጥ ማስገባት እንደሚቻል ጨመረ። በነፃ የሚገኝ ነው፤ ከፋይል፣ ከዳታቤዝና ከመልእክት ወረፋ (መልእክት ተራውን ጠብቆ ከሚቆይበት ሶፍትዌር) ጋር የሚያገናኙ ክፍሎችም ተሠርተው አሉለት።

6ኛው ረጅሙ ነው፤ ለእኔ ከክሩ ሁሉ ዋጋ ያለውም እሱ ነው። ሽቦውን ተዉት፣ መጀመሪያ የየትኛው መረጃ ባለቤት ማን እንደሆነ ይጻፍ ይላል። የዕቃ ኮድ የሚፈጥረው ማን ነው? ስቶር ከሆነ ሽያጭ አዲስ ኮድ የመክፈት መብቱ ከሲስተሙ ላይ ይነሳ። የደንበኛ ስም የሽያጭ፣ የሒሳብ መደብ የሒሳብ፣ የሠራተኛ መለያ ቁጥር የሰው ኃይል ነው። ይህ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ተሠርቶ የየክፍሉ ኃላፊ ካልፈረመበት ማንኛውም ኢንተግሬሽን (ሲስተሞችን ማገናኘት) ሁለት የተለያዩ ስህተቶችን በፍጥነት ከማጋጨት አያልፍም። ከዚያ ወደ መለኪያ ገባ። ስቶር ክርን በኪሎ ይይዛል፣ ደሴ ግን በካርቶን ይሸጣል። የተለመደው ካርቶን 24 ኮን (የክር ጥቅል) ይይዛል፣ አንዱ ኮን 1.89 ኪሎ ነው፤ ካርቶኑ 45.36 ኪሎ ይመዝናል። የሽያጩ ፕሮግራም አንድ የአስርዮሽ ቤት ብቻ ይዞ 1.89ን ወደ 1.9 ካጠጋጋው ካርቶኑ 45.6 ይሆናል። በአንድ ካርቶን 240 ግራም ማለት ነው፤ 500 ካርቶን ሲወጣ 120 ኪሎ ክር በወረቀት ላይ ይጠፋል። ከዚያ የንብረት ሠራተኛው ይጠየቃል። መፍትሔው መልእክቱ ላይ ሁልጊዜ ብዛትና መለኪያ አብረው መሄዳቸው፣ ማባዣው በአንድ ቦታ ብቻ መቀመጡ፣ ቁጥሩም ኮምፒውተሩ በግምት የሚይዘው ተንሳፋፊ ሳይሆን ቋሚ አስርዮሽ መሆኑ ነው።

7ኛው የሚዛን ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። የሚዛኑ ማሳያ ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው በአርኤስ 232 የሲሪያል ገመድ ነው፤ ፍጥነቱ በብዛት በሰከንድ 9600 ቢት ቢሆንም ከሳጥኑ ሜኑ ሳይረጋገጥ ኮድ መጻፍ አይጀመርም። ኬብሉ ከ15 ሜትር ሲያልፍ ፊደል መብላት ሊጀምር ይችላል። ወይ በአርኤስ 485 መቀየሪያ እስከ 1200 ሜትር መውሰድ፣ ወይ እዚያው ሚዛኑ ሥር ሲሪያሉን ወደ ኔትወርክ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን መትከል ነው። ብዙ ሞዴሎች ንባቡን ያለማቋረጥ ይለቃሉ፤ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ክብደቱ መርጋቱን ወይም ገና መወዛወዙን የሚናገር ምልክት አለ። ያልረጋው ይጣላል፤ የረጋውም ቢሆን ሦስት ተከታታይ እኩል ንባብ ካልመጣ አይያዝም፤ አለበለዚያ መኪናው ገና እየተንከባለለ የተነበበ ክብደት ሞዴል 19 (የዕቃ መቀበያ ሰነድ) ላይ ይሰፍራል። የመመዘኛው መለያም ታርጋ ሳይሆን የቲኬት ቁጥር ይሁን፤ አንድ መኪና በቀን ሁለት ጊዜ ጥጥ ሊያመጣ ይችላል። ሙሉውና ባዶው ክብደት ለየብቻ ይላኩ፣ መቀነሱን ስቶር ብቻ ይሥራ።

8ኛው ጥያቄ ጥሎ ሄደ። የደሴው ሽያጭ መልእክት ወደ ኮምቦልቻ ሲላክ 30 ሰከንድ ካለፈና መልስ ካልመጣ ላኪው ምን ያደርጋል? መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቁልቁለቱም ጠመዝማዛውም ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ አንድ ቁፋሮ ፋይበሩን ሲበጥስ ግማሽ ቀን ይቋረጣል።

9ኛው በአብሽር ጀምሮ ነገሩን ሰነጠቀው። መልስ አለመምጣቱ መልእክቱ አለመድረሱን አያሳይም፤ ደርሶ፣ ተመዝግቦ፣ መልሱ ብቻ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ላኪው ዝም ካለ ሽያጩ ይጠፋል፣ ደግሞ ከላከ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ስለዚህ ደግሞ መላክ ግዴታ ነው፤ ግን ተቀባዩ ድግግሞሹን መለየት አለበት። ለእያንዳንዱ ሽያጭ ላኪው አንድ የማይደገም መለያ ይሰጣል፤ መለያው የሚፈጠረው ሽያጩ ሲመዘገብ እንጂ በተላከ ቁጥር አይደለም። ብዙ ፕሮግራም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሙከራ አዲስ መለያ ይፈጥርና ጥበቃውን ራሱ ያፈርሰዋል። ተቀባዩ መለያውን ድግግሞሽ በማይፈቅድ ሠንጠረዥ ውስጥ ያስገባል፣ የስቶር ቅናሹንም በዚያው ትራንዛክሽን (ሁለቱም አብረው በሚጸኑበት ወይም አብረው በሚቀሩበት ምዝገባ) ይመዘግባል። መለያው ቀድሞ ካለ ስህተት አይመልስም፤ የመጀመሪያውን መልስ ደግሞ ይሰጣል። ስህተት ከመለሰ ላኪው እስኪሰለቸው ይልካል።

10ኛው የላኪውን ወገን ሞላ። ሽያጩ ዳታቤዝ ላይ ገብቶ መልእክቱ ሳይላክ መብራት ቢጠፋስ? ሽያጩና የሚላከው መልእክት በአንድ ትራንዛክሽን፣ በአንድ ዳታቤዝ፣ በሁለት ሠንጠረዥ ይጻፉ፤ አንድ ትንሽ ፕሮግራም በየ5 ሰከንዱ ያልተላከውን እየወሰደ ይላክ። ከተላከ በኋላ ምልክት ይደረግበትና ከ30 ቀን በኋላ ይጥረግ። ካልተጠረገ ሠንጠረዡ እየፋፋ ሄዶ መጀመሪያ የሚያዘገየው የሽያጭ መስኮቱን ነው፤ ያኔ ሰው ሁሉ ኢንተርኔቱን ይረግማል።

11ኛው ለዚህ ራቢትኤምኪው የተባለ የመልእክት ወረፋ ሶፍትዌር ይተከል ብሎ ዝርዝሩን አወረደ። ወረፋው ዘላቂ ተብሎ ይከፈት፣ መልእክቱም ዲስክ ላይ የሚጻፍ ተብሎ ይላክ፣ ላኪውም የመድረስ ማረጋገጫ ይጠብቅ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሰርቨሩ ወድቆ ሲነሳ የሚጠፋ መልእክት ይኖራል። አምስት ጊዜ ተሞክሮ ያልተሳካ መልእክት ወደ ሙት ወረፋ ይውጣና ሰው ይየው። ዲስኩ ሲሞላ ወረፋው ላኪዎችን በሙሉ ያቆማል፤ የነፃ ቦታው የመነሻ ገደብ 50 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ወደ ጥቂት ጊጋባይት ከፍ ይደረግ፤ ሎጉም (የሰርቨሩ የሥራ መዝገብ) በተለየ የዲስክ ክፍልፋይ ይቀመጥ።

12ኛው ተነሳበት። በቀን 300 ሰነድ በሥራ ሰዓት ሲካፈል በደቂቃ ተኩል አንድ ነው። ለዚህ አዲስ ሰርቨር፣ አዲስ ወረፋ፣ አዲስ የሚጠበቅ ነገር? የ10ኛው ሠንጠረዥና በየደቂቃው የሚነሳ ስክሪፕት ይበቃል፤ ራቢት እያሉ ደመወዝ ማስጨመሪያ ነው ብሎ ተሳለቀ። 11ኛው በ13ኛው ተመልሶ፣ 1200 ሰው ፈረቃ ሲለውጥ በሩብ ሰዓት ውስጥ የጣት አሻራ ፊርማው አንድ ላይ እንደሚፈስ አስታወሰ። 14ኛው ሁለቱንም ገላገላቸው፦ የጣት አሻራ ማሽኑ ፊርማውን በራሱ ማስታወሻ ይይዛል፣ በየ10 ደቂቃው ቢወሰድ የሚጠፋ የለም። እኔ በዚህ ከ12ኛው ጋር ነኝ፤ ስድቡ ሲቀር።

15ኛውና 16ኛው የመብራት ጉዳይ ናቸው። መብራት ሲመጣ ሁሉም ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ተነስቶ ያጠራቀመውን ለመላክ ይሽቀዳደማል፤ ሰርቨሩ ገና ዳታቤዙን እየፈተሸ ስለሆነ ሁሉም ይከሽፍና ሁሉም በተመሳሳይ ሰከንድ ደግሞ ይሞክራል። የመጠበቂያው ጊዜ 1፣ 2፣ 4፣ 8 ሰከንድ እያለ እስከ 5 ደቂቃ ይርዘም፣ ላዩ ላይ ደግሞ በዕጣ የሚወጣ ጥቂት ሰከንድ ይጨመር። የዲስክ መቆጣጠሪያው ባትሪ የሌለው ካሼ (ጊዜያዊ ማቆያ) ካለው፣ ጻፍኩ ብሎ ሳይጽፍ መብራት ሊጠፋበት ይችላል፤ ካሼው ይጥፋ ወይም ዩፒኤሱ ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲያጠፋ በኬብል ይገናኝ። 16ኛው ሰዓቱን አነሳ። የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ያለቀበት ኮምፒውተር መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳል፤ በሶፕ (ሲስተሞች መልእክት በሚለዋወጡበት ደንብ) የሚላክ መልእክት የደኅንነት ማኅተም ደግሞ በብዙ ሲስተሞች ከተጻፈ 5 ደቂቃ ካለፈው ተቀባይነት የለውም። የሚመጣው ስህተት ስለ ዲጂታል ፊርማ እንጂ ስለ ሰዓት ስለማያወራ ሰው ሰርተፍኬት ሲቀይር ይውላል። አንድ የውስጥ የኤንቲፒ (ሰዓት አስተካካይ) ሰርቨር ይቁም፣ ሁሉም ከእሱ ሰዓት ይውሰድ።

17ኛው የኔትወርክ ሰው ነው፤ ስድስት መስመር ጽፎ ጠፋ። ትንሹ ሰነድ አልፎ ትልቁ ከተንጠለጠለ ችግሩ ፕሮግራሙ ላይ አይደለም። ደሴንና ኮምቦልቻን በግል መስመር የሚያገናኘው የቪፒኤን መሿለኪያ አንድ ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) ከሚይዘው 1500 ባይት ላይ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ መሐል ያለ ፋየርዎል ፓኬቱ በዝቷል የሚለውን ማሳሰቢያ ከዘጋው ትልልቁ ፓኬት ዝም ብሎ ይጠፋል። መፍትሔው ራውተሩ ላይ ቲሲፒ በአንድ ፓኬት የሚልከውን የመረጃ መጠን ወደ 1360 ባይት ማውረድ ነው።

18ኛው ስለ አማርኛ ጽሑፍ ጻፈ። ደመወዝ ፕሮግራሙ ውስጥ የሠራተኛው ስም ጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ከታየ ኤስኪውኤል ሰርቨር በተባለው ዳታቤዝ ላይ ዓምዱ የአማርኛ ፊደል በማይዘው ቫርቻር ዓይነት ተከፍቷል፤ ኤንቫርቻር መሆን አለበት፣ በኮድ የሚገባውም ጽሑፍ ፊቱ ላይ የኤን ምልክት ይኑረው። የፊደሎቻችን እያንዳንዳቸው ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል አቀማመጥ ሦስት ባይት ይይዛሉ። ርዝመት በባይት በሚቆጠርበት ፋይል 20 ፊደል ያለው ስም 60 ቦታ ይፈልጋል፤ ባንክ የሚላከው የደመወዝ ፋይል ዓምዶቹ በቋሚ ርዝመት ከሆኑ ስሙ መሐል ፊደል ላይ ይቆረጥና ከእሱ በኋላ ያለው የሒሳብ ቁጥር ሁሉ ይንሸራተታል። ሌላው ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ እየተባለ በሦስት ክፍል ሦስት ዓይነት መጻፉ ነው። ለማፈላለጊያ ብቻ የሚሆን የተስተካከለ ቅጂ ይያዝ፤ ሰው የተመዘገበበት ስም ግን አይነካ። ሲስተሞቹን የሚያገናኘው የሠራተኛ ቁጥር እንጂ ስም አይሁን። ከድሮው ግዕዝ ፎንት የመጣ ፋይል ደግሞ መልኩ አማርኛ ቢሆንም ውስጡ የላቲን ኮድ ነው፤ ሳይቀየር ከገባ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ምልክት ብቻ ይወጣል።

ከ19 እስከ 23 ክሩ አመለጠ። አንዱ ሰርቨሩ ደሴ ይሁን አለ፤ ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች ብርዱ ከኤሲ ይሻላል በሚል። ሌላው ጉሙንና እርጥበቱን አነሳ፣ ሦስተኛው ስለ ሐይቅ ዓሣ መጻፍ ጀመረ። በዚህ ሁሉ መሐል ግን 21ኛው አንድ ቁም ነገር አለው፦ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሰርቨር የሚገድለው ሙቀት ብቻ ሳይሆን የጥጥ ብናኝ ነው። ማራገቢያው ላይ እንደ ስስ ብርድ ልብስ ይነጠፋል፣ ከዚያ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ክፍሉ ከጥጥ መዳመጫና ከመፍተያ አዳራሽ ይራቅ፣ በሩ ሁለት ይሁን፣ ማጣሪያው በየሳምንቱ ይጽዳ።

24ኛው ስለ ቀንና ሰዓት ነው። መልእክት ላይ የሚሄደው ቀን የፈረንጅ ይሁን፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል፤ ወደ እኛ ቀን የሚቀየረው ስክሪን ላይና ወረቀት ላይ ብቻ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ወር ከ1 እስከ 12 ብቻ የሚቀበል ሲስተም ጳጉሜን ይጥላታል። መፈተኛ እንዲሆን ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን ሰጠ፤ ያ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ በማግሥቱ። ቀጣዩ ጳጉሜ 6 በ2019 ዓ.ም. ይመጣል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ግን ሁልጊዜ ጁላይ 8 ነው። ሰዓት ላይ ደግሞ የጎደለ ፊርማ በእጅ ሲሞላ ሰዓት ተቆጣጣሪው 2 ሰዓት ብሎ የሚጽፈው ጠዋት 2 ነው፣ ማሽኑ ግን 8 ይላል። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገብቶ ጠዋት 1 ሰዓት የሚወጣው ፈረቃ መቁጠሪያው የገባበት ቀን ይሁን። ሰርቨሩ በግሪንዊች ሰዓት ቀን ከቆረጠ ያ ፈረቃ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ሰውዬውም ሁለት ቀን ግማሽ ግማሽ የቀረ ይመስላል።

25ኛው ስለ ፒችትሪ ጻፈ። ፋይሎቹን በቀጥታ መንካት የለም፤ መግቢያው የሲኤስቪ (በነጠላ ሰረዝ የተለየ የሠንጠረዥ ፋይል) ማስገቢያው ነው። የዓምዶቹ ቅደም ተከተል እንደ አብነት አንድ ጊዜ ይቀመጥ፣ ከእያንዳንዱ ማስገባት በፊት ባክአፕ ይያዝ፤ ግማሹ ገብቶ ቢቆም መመለሻው እሱ ብቻ ነው። ሰነድ በሰነድ ከማፍሰስም የቀኑ ድምር አንድ ጆርናል (የሒሳብ ምዝገባ) ሆኖ ማታ ቢገባ ይሻላል፤ ዝርዝሩ ስቶርና ሽያጭ ላይ አለ።

በሥዕሉ ላይ የጎደለውን ቀስት በመጨረሻ ያየው 26ኛው ነው፤ ያውም በቁጣ። ከሒሳብ የሚወጣ ቀስት ከሌለ መግባቱን ማን ያረጋግጣል? ሁሉም ላከ፣ ማንም መልስ አልጠየቀም። በየማታው ከእያንዳንዱ ወገን ሦስት ቁጥር ይውጣ፤ የሰነድ ብዛት፣ የኪሎ ድምር፣ የብር ድምር። ደሴ ያለው ከስቶር፣ የስቶሩ ከፒችትሪ ጋር ይመሳከር፤ አንድ ሳንቲም ከተለያየ ጠዋት ለሰው ይታይ። ይህ ከሌለ የቀደሙት 25 ምላሾች ዋጋ የላቸውም አለ። ትንሽ አብዝቶታል፤ ማመሳከሪያው ግን ከባሱም ከወረፋውም በፊት መሠራት እንዳለበት ማንም አልተከራከረውም።

27ኛው ላይ ጠያቂው ተመልሶ አመሰገነና በየትኛው ልጀምር አለ። 28ኛው ቅደም ተከተል ሰጠው። መጀመሪያ የባለቤትነት ሠንጠረዡና የዕቃ ኮዱ፤ ቀጥሎ ማመሳከሪያው፣ ትየባው ገና በእጅ እያለ፤ ከዚያ አሻራና ደመወዝ፣ ምክንያቱም ከዕቃ ኮድ ጋር አይነካካም፤ ከዚያ ሚዛንና ስቶር፤ ደሴ መጨረሻ። እያንዳንዱ መስመር አንድ ሙሉ ወር ከእጅ ሥራው ጎን ለጎን ይሂድ። 29ኛው የማስተላለፊያ ፈተናውን ጨመረ፤ ፋብሪካው በሚያርፍበት እሑድ መልእክት እየሄደ ሳለ የኔትወርክ ኬብሉ ይነቀል፣ ቀጥሎ ተቀባዩ ሰርቨር ይጥፋ፣ ቀጥሎ ያው መልእክት ሆን ተብሎ ሦስት ጊዜ ይላክ። በሦስቱም ድምሩ ካልተነቃነቀ ሰኞ ይከፈት።

ከ30 በኋላ ያለው ሁሉ የጳጉሜ ክርክር ነው። አንዱ ፒችትሪ እስከ 13 የሒሳብ ወቅት ስለሚቀበል ጳጉሜ ለብቻዋ ትያዝ ይላል፤ ሌላው የወር ደመወዝተኛ ለጳጉሜ ለብቻ ስለማይከፈለው ባዶ ወቅት ምን ይሠራል ብሎ ይመልሳል፤ ሦስተኛው የቀን ሠራተኛውን ማን ረሳው ብሎ ይገባል። አወያዩ ለዚህ ሌላ ክር ክፈቱ ብሏቸዋል። አልሰሙትም።